ዘሩ ደከመ ወይስ ዋጉ ተለወጠ?

በየዓመቱ ስንዴ ዛላ ማውጣት ከሚጀምርበት ጊዜ አንሥቶ ከልማት ሠራተኞችና ከኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚደርሰን አንድ ጥያቄ አለ። «ይህን ዝርያ ዋግ አይነካውም ብላችሁ ሰጣችሁን። ጥቂት ዓመት በደኅና አመረትነው፤ ዘንድሮ ግን ማሳው ሁሉ ዝገት መሰለ። ዘሩ ስለ ደከመ ከዚያው ዝርያ አዲስ ዘር ይላክልን።» ጥያቄው በቅንነት የቀረበ ነው። ሆኖም እንደ ተጠየቀው ቢፈጸም ማኅበሩ የአባላቱን ገንዘብ አውጥቶ ለዋግ የተጋለጠውን ስንዴ መልሶ ይዘራል ማለት ነው።

በእርግጥ ዘር ይደክማል። ከሌላ ዝርያ ጋር ይደባለቃል፣ በጎተራ ይነቅዛል፣ የመብቀል ኃይሉም ይቀንሳል። ዋግን የመቋቋም ችሎታ ግን በዚህ መንገድ አይጠፋም። ትናንት የነበረው ስንዴና ዛሬ ያለው ስንዴ አንድ ናቸው። የተለወጠው ዋጉ ነው።

ዋግ በዓይን የማይታይ ፈንገስ ሲሆን የሚኖረው በሕይወት ባለ ተክል ላይ ነው። በቅጠልና በአገዳ ላይ የምናየው ቢጫ ወይም የሸክላ ቀለም ያለው ዱቄት ብናኙ ነው። አንዲት ቁስል በቀን በሺህ የሚቆጠር ብናኝ ታወጣለች፤ እርጥበትና ሙቀቱ ከተስማማው በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ከእነዚህ ብናኞች ሌላ ትውልድ ይነሣል። ከነሐሴ መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ብንቆጥር ስድስት ትውልድ ያህል ይሆናል። ገበሬው በዕድሜው ከሚያየው የልጅ ልጅ ይልቅ ዋግ በአንድ መኸር የሚያየው ይበልጣል።

ብናኞቹ አብዛኛውን ጊዜ ከወላጃቸው አይለዩም። ነገር ግን ከብዙ ሚሊዮን መካከል አንዳንዱ በአጋጣሚ ተለይቶ ይገኛል። ዋግን የሚቋቋም ዝርያ ሌባን በለበሰው ጋቢ እንደሚለይ ዘበኛ ነው። ጋቢውን ያየበትን ሁሉ ይመልሳል። ከመንጋው መካከል ጋቢ ያልለበሰ አንድ ሌባ ቢኖር ግን ዘበኛው እያየው ያልፋል፤ ያለፈውም ልጆቹን እንደ ራሱ ያለ ጋቢ ያሳድጋል። ዘበኛው አልሰነፈም፤ ሌባውም ከማንም ብልሃት አልተማረም። «ዋጉ መድኃኒቱን ለመደው፣ ስንዴውን ተማረው» የሚለው አነጋገር የሚያሳስተን እዚህ ላይ ነው። አንድም ብናኝ ራሱን አልለወጠም። የማይችሉት ሞቱ፣ የሚችለው ተራባ።

ይህን ነገር በቃል ከማስረዳት በቦሎቄ ማሳየት ይቀላል። 98 ነጭና 2 ቀይ ቦሎቄ በሰፌድ ላይ ቀላቅሉ። ነጩ ዝርያው የሚመልሰው ዋግ ነው፣ ቀዩ የማይመልሰው። ከነጩ ከየአሥሩ ዘጠኙን አውጡ፤ ቀዩን አትንኩ። ከዚያ ለቀረችው ለእያንዳንዷ አራት መሰሏን ጨምሩላት። በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ 50 ነጭና 10 ቀይ ገደማ ይኖራል። በሁለተኛው 25 ነጭና 50 ቀይ ይሆናል። በሦስተኛው ነጩ 15 ያህል ሲሆን ቀዩ 250 ይደርሳል። አሁን ደግሞ እንደገና ጀምሩና ምንም ሳታወጡ ብቻ አራት አራት ጨምሩ። ሰፌዱ ይሞላል እንጂ ቀዩ ከመቶ ሁለት እንደ ሆነ ይቀራል። ቀዩን ያበዛው የእኛው ምርጫ መሆኑን በዚህ ያልተቀበለ ሰብሳቢ እስካሁን አልገጠመንም። የልማት ሠራተኛው ይህንኑ ሰፌድ ይዞ በአቅራቢያው ወዳለው ትምህርት ቤት ቢሄድ የሳይንስ መምህራን ደስ ይላቸዋል፤ በሳይንስ «ዝግመተ ለውጥ» እና «የተፈጥሮ ምርጫ» የሚባለው ይኸው ነውና።

ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው መጽሐፉ ነገሩን የጀመረው ከአርቢዎችና ከገበሬዎች ነበር። የተሻለውን ዛላ ለዘር የሚለይ ሰው ምርጫ ያካሂዳል። ሳያስበው የሚመርጥበት ጊዜም አለ። በደጋው የገብስ ማሳ ውስጥ የሚገኘውን ስናር ተመልከቱ። የዱር ዘመዱ ሲደርስ ፍሬውን ያራግፋል። የእኛው ስናር ግን ይዞ ይቆያል፤ ምክንያቱም ያልረገፈው ከገብሱ ጋር ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከገብሱ ጋር ተዘራ። ማንም ስናርን ላሻሽል ብሎ አልተነሣም።

ወደ ስንዴው እንመለስ። እንቆይ የተባለው ዝርያ ለዓመታት የአርሲና የባሌ ገበሬ መመኪያ ነበር፤ በ1986 እና በ1987 ዓ.ም. የአገዳ ዋግ ጣለው። ከእርሱ በፊት ዳሸን በ1980/81 ዓ.ም. በቢጫ ዋግ ተመትቷል። በኋላ የመጡት ኩብሳና ገላማ ሰፊ መሬት ያዙ። ኩብሳ የተማመነበትን ጂን የሚያልፍ ቢጫ ዋግ ከ2002 ክረምት እስከ 2003 ዓ.ም. መግቢያ በአገሪቱ የስንዴ አካባቢዎች ሁሉ ተዛመተ። ያን ጊዜ ቢጫ ዋግን በደኅና የተቋቋመ ዲገሉ የተባለ ዝርያ ስለ ነበረ ሁሉም ወደ እርሱ ሮጠ።

ከዚህ ላይ ያለውን ጥፋት በገበሬው ላይ ማሳበብ አይገባም። እኛ ባለሙያዎቹ ዲገሉን ዝሩ ስንል ከጎኑ ሌላ ምን እንደሚዘራ አጥብቀን አልተናገርንም። ዩጂ99 የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ዩጋንዳ ውስጥ የተገኘው የአገዳ ዋግ ይመጣል ብለን ስንጠብቅ፣ ዲገሉ እርሱን መቋቋሙ አዘናጋን። በ2006 ዓ.ም. መኸር የባሌንና የአርሲን ዲገሉ የጣለው የአገዳ ዋግ ግን ከዩጂ99 የማይወለድ ሌላ ዘር ነበር። ቀዩን ቦሎቄ ያበዛው ሰፌድ የዲገሉ ማሳ ሆነ፤ ማሳው በሰፋ ቁጥር ያ ዘር ብቻውን የሚበላው ማእድ ሰፋ።

አባቶቻችን የዘሩት ስንዴ እንዲህ አይወድቅም ነበር፤ ምርቱ ግን አነስተኛ ስለ ነበር እርሱን ብቻ እያነሡ ማሞገስ ተገቢ አይመስለንም። የሚያስተምረን ነገር ግን አለው። በአንድ ማሳ ብዙ ዓይነት ስለሚገኝበት ዋግ ከፊሉን ቢወስድ ከፊሉ ይተርፋል። በትግራይ ገብስና ስንዴን ቀላቅሎ የሚዘራው ሓንፈጽም ከዚሁ ወገን ነው።

ስለዚህ ማኅበራት የዘር ፍላጎታቸውን በሚያስመዘግቡበት ጊዜ በአንድ ዝርያ ስም ብቻ ባይፈርሙ እንመርጣለን። ሁለት ወይም ሦስት ይሁን፤ እነርሱም ዋግን የሚቋቋሙበት መንገድ የተለያየ መሆኑን ከምርምር ማእከል ጠይቃችሁ አረጋግጡ። ስማቸው ቢለያይም በአንድ ጂን የሚጠበቁ ዝርያዎች አሉና። ሽያጩ በአንድ ወጥ ዝርያ እንደሚቀል እናውቃለን፤ ዝርያዎቹን በየማሳው ለይቶ መዝራትና ለይቶ መውቃት ይቻላል። እንደ ባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ ስንዴ በሚዘራበት ስፍራ ደግሞ ሳይዘራ በራሱ የበቀለውን ስንዴ አጥፉ፤ ዋግ ከወቅት ወደ ወቅት የሚሻገርበት ድልድይ ነው።

የልማት ሠራተኛው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያየው የሚገባው ዋግ የበዛበትን ማሳ አይደለም። ደኅና በተባለ ዝርያ ላይ የተገኘች አንዲት የተከፈተች ቁስል ትበልጣለች፤ ቀይዋ ቦሎቄ እርሷ ልትሆን ትችላለችና። ቁስሉ ያለበትን አገዳ ወይም ቅጠል ቁረጡ፣ በወረቀት ፖስታ አድርጉት፤ በፕላስቲክ ከታሸገ ይሻግታል። በፖስታው ላይ የዝርያውን ስም፣ ቀበሌውንና ቀኑን ጽፋችሁ፣ በጥላ አድርቃችሁ፣ በዚያው ሳምንት ላኩልን።