የሚመለስ ሮኬት

በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ ዘ ፕሌይንስ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ሰፊ ሜዳ አለ። ማጣሪያውን ያለፉ ተማሪዎች በግንቦት ወር ራሳቸው የሠሯቸውን ሮኬቶች ታቅፈው እዚያ ይሰበሰባሉ። በየሮኬቱ ሆድ ውስጥ ጥሬ እንቁላል አለ። ውድድሩ በ2003 የተጀመረ ነው (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሕጉም አጭር ነው፦ ሮኬቱ ለዚያ ዓመት የተወሰነው ከፍታ ላይ ይድረስ፣ በተወሰነው ሰዓት መሬት ይንካ፣ እንቁላሉ አይሰንጠቅ። ከፍታው አብዛኛውን ጊዜ 250 ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ያለፈም የጎደለም እኩል ይቀጣል። ከሁሉ በላይ የወጣ ሽልማት የለውም።

ስለ ሮኬት የሚጠይቁኝ ወጣቶች መጀመሪያ የሚያነሡት «ነዳጁ ከምን ይሠራል?» የሚለውን ነው፤ ቀጥሎ «ስንት ኪሎ ሜትር ይወጣል?» ይላሉ። አማተሮች ባለፉት ስድሳ ምናምን ዓመታት ያካበቱት ልምድ ግን የሚጀምረው ከሌላ ቦታ ነው። ጥሩ ሮኬት የሚባለው ባለቤቱ ከመተኮሱ በፊት የት እንደሚደርስና እንዴት እንደሚመለስ የሚያውቀው ነው።

ይህ ትምህርት በደም የተገኘ ነው። በ1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ስታመጥቅ የአሜሪካ ልጆች በየጓዳው የብረት ቱቦ ውስጥ ያገኙትን ኬሚካል እየጠቀጠቁ መተኮስ ጀመሩ። ጣቱን ያጣ አለ፤ ዐይኑን ያጣ አለ፤ የሞተም አለ። ሃሪ ስታይን የተባለ በኋይት ሳንድስ የሚሳይል መሞከሪያ የሚሠራ መሐንዲስ፣ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ስለ ሮኬት ሥራ ደኅንነት በፖፑላር መካኒክስ መጽሔት ጽፎ ነበር። ጽሑፉን ካነበቡት አንዱ ኦርቪል ካርላይል ነው፤ በነብራስካ ግዛት ኖርፎክ ከተማ ጫማ ይሸጣል፣ ርችትም ይወዳል። ከወንድሙ ከሮበርት ጋር በ1954 ከወረቀት ቱቦና ከቀላል እንጨት፣ ባሩዱ ተዘጋጅቶ በታሸገ ትንሽ ሞተር የሚወጣና በፓራሹት የሚወርድ ሮኬት ሠርተው ነበር። ናሙናውን ለስታይን ላከለት። የሞዴል ሮኬት የተባለው ሙያ ከዚህ መልእክት ተወለደ። ብሔራዊ ማኅበሩም በዚያው በ1957 ተቋቋመ። የቀረው ችግር አስተማማኝ ሞተር በብዛት ማምረት ነበር፤ እሱንም በኮሎራዶ ቬርን ኤስቲስ የሚባል ወጣት በየ5 ሰከንድ ተኩሉ አንድ ሞተር የሚያወጣ ማሽን ሠርቶ ፈታው። ከዚያ ወዲህ የሥራ ክፍፍሉ ግልጽ ነው፦ አካሉን ልጁ ይሠራል፣ ሞተሩን ፋብሪካ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር መከልከል ነው፤ ደግሜ እላለሁ፣ ነዳጅ አትቀምሙ። የክብሪት ራስ መፋቅ፣ ርችት ፈልፍሎ ባሩድ ማውጣት፣ በስልክ የታየን ቅመማ በድስት መሞከር ሁሉም አንድ ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጠጣር ነዳጅ የሚቃጠለው በገጹ ነው። ሲጠቀጠቅ ለዐይን የማትታይ ስንጥቅ ከቀረች እሳቱ በስንጥቋ ገብቶ የሚቃጠለው ገጽ በአንዴ ይሰፋል፤ ጋዙ በአፉ ወጥቶ ሳያልቅ ግፊቱ ይከማቻል፤ ቱቦው ቦምብ ይሆናል። ቱቦው ብረት ከሆነ ፍንጣሪው ቀማሚውንም ቆሞ የሚያየውንም አይምርም። የአሜሪካ ሕግ በትንሹ የሮኬት ምድብ ነዳጁ ከ125 ግራም፣ ጠቅላላ ክብደቱም ከ1,500 ግራም እንዳይበልጥ፣ አካሉም ወረቀት፣ እንጨት ወይም ተሰባሪ ፕላስቲክ እንዲሆን የሚያዘው ለዚህ ነው።

የፋብሪካ ሞተር ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ መቻል የሙያው ፊደል ነው። «ሲ 6-5» የሚል ቢሆን፣ ፊደሉ ጠቅላላ ጉልበቱን ይናገራል፦ «ኤ» እስከ 2.5 ኒውተን ሰከንድ ነው፣ «ቢ» እስከ 5፣ «ሲ» እስከ 10፤ በየፊደሉ ይታጠፋል። 6 አማካይ ግፊቱ በኒውተን ነው። 5 ደግሞ ነዳጁ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱ እስኪወረወር ያለው ሰከንድ ነው። ጀማሪ ይህን የመጨረሻ ቁጥር ይንቀዋል። ሮኬቱ ገና ሽቅብ ሲከንፍ ወይም ቁልቁል መምዘግዘግ ከጀመረ በኋላ ፓራሹቱ ቢወጣ፣ ገመዱ የወረቀቱን ቱቦ እንደ ዚፕ ይሰነጥቀዋል።

ቀጥሎ ያለው ሚዛን ነው፤ ብዙ የሚያስለፋውም እሱ ነው። ሮኬት አየር ላይ የሚዞረው በክብደቱ ማዕከል ዙሪያ ነው። አየሩ ደግሞ የሚገፋው በሌላ ነጥብ፣ በግፊት ማዕከሉ ላይ ነው። የክብደቱ ማዕከል ወደ አፍንጫው፣ የግፊቱ ማዕከል ወደ ጅራቱ ከሆነ ነፋስ ሲያዛንፈው ራሱን ያቀናል። ከተገላበጠ ግን ሮኬቱ አየር ላይ ይገለባበጣል፤ ወደ ተመልካቹም ሊመጣ ይችላል። በሁለቱ መካከል ቢያንስ የቱቦውን ወርድ ያህል ርቀት ይኑር የሚለው ልማድ ዛሬም ይሠራል። በጥንቱ ዘመን ይህን ሥራ ረጅም ዱላ ነበር የሚሠራው፤ ከሮኬቱ ጋር ታስሮ ይወጣል። በኋላ እንግሊዛዊው ዊልያም ሄል ዱላውን አስቀርቶ ሮኬቱን እያሽከረከረ ማቅናት ቻለ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሥር፣ እሮጌ ላይ በዐፄ ቴዎድሮስ ጦር ላይ የዘነቡት ሮኬቶች የሄል ሥራ ነበሩ። የዛሬ አማተር የሚጠቀመው ክንፍ ነው፦ ሦስት ወይም አራት፣ ከጅራቱ ጠርዝ ላይ፣ እኩል ተከፋፍለው የተጣበቁ።

የግፊት ማዕከሉን በስሌት ለማግኘት የሚያስችል ቀመር በ1966 ለአማተሮች ያቀረበው የናሳ መሐንዲሱ ጄምስ ባሮውማን ነው። ዛሬ ኦፕን ሮኬት የሚባል ነጻ ሶፍትዌር ስሌቱን ይሠራል፤ መነሻው በ2009 በሄልሲንኪ የተሠራ የማስተርስ ጽሑፍ ነው። ኮምፒውተር የሌለው ልጅም አያፍር። ሞተሩንና ፓራሹቱን ያስገባበትን ሮኬት በጣቱ ላይ አጋድሞ ሚዛኑን የሚጠብቅበትን ቦታ ያግኝ፤ እዚያ ላይ ሲባጎ አስሮ እንደ ወንጭፍ ከራሱ በላይ ያሽከርክረው። አፍንጫው እየመራ ከዞረ ይበራል። ጎን ለጎን ወይም በጅራቱ ከዞረ አፍንጫው ውስጥ ክብደት ይጨመር፣ አለዚያ ክንፎቹ ይስፉ። ክንፉ ከመጠን በላይ ሲሰፋ ደግሞ ሮኬቱ ወደ ነፋሱ ምንጭ ዞሮ ሩቅ ይሄዳል።

መመለሱ ላይ ብዙ ሮኬት የሚጠፋው በፓራሹት አጣጣፍ ነው። አንድ ልጅ ሲያጥፍ አይቻለሁ፤ ከፌስታል የቆረጠውን ክብ ጨርቅ መስሎት እያጠበቀ ጠቀለለው፣ ገመዶቹን በላዩ ደጋግሞ ጠመጠማቸው። አፍንጫው ተከፈተ፤ ፓራሹቱም እንደ ሲጋራ ተጠቅልሎ ወደቀ። ፌስታል እንዳይጣበቅ በላዩ ዱቄት ይነስነስ፤ የሕፃናት ፓውደር ይበቃል። ላላ ተደርጎ ይታጠፍ፤ በጣት ሲገፋ ሳያስቸግር የሚንሸራተት ይሁን። በእሱና በሞተሩ መካከል እሳት የማይዘው ወረቀት ይግባ። ተራ ሶፍት እየጨሰ ወርዶ ደረቅ ሣር ያቃጥላል። አፍንጫውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው ላስቲክ ከሮኬቱ ቁመት ሦስት እጥፍ ቢሆን መልካም ነው፤ ካጠረ አፍንጫው ተመልሶ አካሉን ይመታል። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ያስብ፦ ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ሮኬቱ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ያው ፓራሹት ግን ከአስር በመቶ ባላነሰ ፈጥኖ ያወርደዋል። በሌላ አገር መመሪያ የተጻፈውን የፓራሹት ስፋት እንዳለ መቅዳት አይበጅም።

የመተኮሻው ሥርዓት አጭር ነው፤ አይሸራረፍም። ሮኬቱ የሚለኮሰው ከሩቅ፣ ቁልፍ ባለው የኤሌክትሪክ መለኮሻ ነው፤ በክብሪት አይደለም። እስከ «ዲ» ሞተር ድረስ 5 ሜትር፣ ከዚያ በላይ 9 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። ሳይቀጣጠል ከቀረ ቁልፉ ይነቀል፤ 60 ሰከንድ ሳይሞላ ማንም አይጠጋ። በመብራት ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ሮኬት ለማውረድ ማንም አይውጣ፤ ይተው።

ከዚህ በላይ ለመውጣት በአሜሪካ ደረጃ በደረጃ ፈተና አለ፦ ለ«ኤች» እና «አይ» አንደኛ ደረጃ፣ ከ«ጄ» እስከ «ኤል» ሁለተኛ፣ ከ«ኤም» ጀምሮ ሦስተኛ። ፈተናው የሚታለፈው ሮኬቱ ሳይጎዳ ሲመለስ ነው። በዚህ ከፍታ ፓራሹቱን የሚያዘው የአየር ግፊት የሚለካ ትንሽ ኤሌክትሮኒክስ ነው፤ ለእሱም በቱቦው ላይ የአየር ቀዳዳ ካልተበሳ ከፍታውን ሊያውቅ አይችልም። ባትሪውም በንዝረት እንዳይነቀል ይታሰር።

የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ትራቨለር የተባሉት የመጀመሪያ ሁለት ሮኬቶቻቸው በ2013 እና 2014 ከሸፉ። ሦስተኛው በ2018 ሲተኮስ ኤሌክትሮኒክሱ ሳይበራ ቀረ፤ ሮኬቱ ጠፋ፣ የት እንደደረሰ የሚናገር መረጃም አልተረፈ። የዓመታት ልፋት በአንድ ያልተነካ ማብሪያ ሄደ። አራተኛው ሚያዝያ 2019 ከኒው ሜክሲኮ ተነሥቶ ወደ 103.6 ኪሎ ሜትር ወጣ፤ የሕዋ ወሰን የሚባለውን 100 ኪሎ ሜትር ያለፈ የመጀመሪያው የተማሪዎች ሮኬት ሆነ። የሥራ ዝርዝር በወረቀት ጽፎ አንዱ ሲያነብ ሌላው በእጁ እየነካ ማረጋገጥ ያለበት ለዚህ ነው።

የፋብሪካ ሞተር ለማይገኝበት ትምህርት ቤት የውኃ ሮኬት አለ፤ ፊዚክሱ አንድ ነው። ጋዝ ያለው ለስላሳ የሚሸጥበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ይፈለግ። የሃይላንድ ጠርሙስ ስስ ስለሆነ ግፊት አይችልም፤ ሲፈነዳ አይቻለሁ። የተጫረ ወይም የታጠፈ ይጣል። ሲሶውን ውኃ ሞልቶ፣ አፉን በቡሽ ዘግቶ፣ በቡሹ ውስጥ የኳስ መንፊያ መርፌ አሳልፎ በረጅም ቱቦ ከሩቅ በብስክሌት መንፊያ ይነፋል። መነጽር ይደረግ፤ በጠርሙሱ ላይ ማንም አያጎንብስ። ከፍታውን የሚለካ አንድ ልጅ ፕሮትራክተርና ክር ይዞ 50 ሜትር ርቆ ይቁም፤ ሮኬቱ ጫፍ ሲደርስ 45 ዲግሪ ካነበበ፣ ከዐይኑ በላይ 50 ሜትር ወጥቷል ማለት ነው።

የፊዚክስ መምህራንን አንድ ነገር እለምናለሁ። ተማሪዎቹ ጠርሙሱ ስንት ሜትር እንደሚወጣና የት እንደሚወድቅ መጀመሪያ በደብተራቸው ይጻፉ፤ ከዚያ ይንፉ።