ከኋላ የሚመጣው ድምፅ፦ ባለብዙ መስመር ማጫወቻ ለቤት ሙዚቃ



በቦሌና በመገናኛ መደብሮች ሰራውንድ የሚባለውን ማጫወቻ አብዛኛው ሰው የሚገዛው ለፊልም ነው። እኔ ዛሬ የምሟገተው ለሙዚቃ ነው፤ መነሻዬም ሱቁ ሳይሆን ቅኔ ማኅሌቱ ነው።

ማኅሌት ያደረ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተከፍለው ይቆማሉ። አንዱ ወገን ያነሣውን ዜማ ሌላው ይቀበለዋል፤ ጸናጽሉ ከሁለቱም ጎን ይሰማል፤ ከበሮው በመካከል ይመታል፤ ከጣሪያና ከግድግዳ የተመለሰው ድምፅም ከኋላችን ይደርሰናል። ስቴሪዮ ይህን ሁሉ ከፊታችን ባሉ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች መካከል ያሰልፈዋል። ቀኝና ግራን ይለያል እንጂ በመካከል አያቆመንም። የባሰው ግን ሌላ ነው፦ የገደል ማሚቶው ከዜማው ጋር ከአንድ አቅጣጫ ስለሚመጣ የግእዙን ቃል ይሸፍነዋል። ከጎንና ከኋላ ቢመጣ ጆሮ በአቅጣጫው ለይቶ ቃሉን በጠራ ሁኔታ ይሰማ ነበር።

«ሳሎናችን ራሱ ያስተጋባ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እናስላው። ድምፅ በሰኮንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። (የአዲስ አበባ ከፍታ አያሳስባችሁ፤ የድምፅን ፍጥነት በዋናነት የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ነው።) ከአጠገባችን የተነሣ ድምፅ 17 ሜትር ርቆ ካለ ግድግዳ ደርሶ ለመመለስ የሰኮንድ አንድ አሥረኛ ይፈጅበታል። ግድግዳው በ4 ሜትር ላይ በሆነበት የሰሚት ኮንዶሚኒየም ሳሎን ግን በ24 ሚሊሰኮንድ ገደማ ይመለሳል፤ ጆሮም ከመጀመሪያው ድምፅ ጋር አዋሕዶ ይሰማዋል። ስለዚህ የትልቁ ሕንፃ ስፋት ከቀረጻው ጋር ወደ ቤት መግባት አለበት።

ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሚመክረው አቀማመጥ ቀላል ነው። ከአምስቱ ማጉያዎች አንዱ ፊት ለፊት፣ ሁለቱ በግራና በቀኝ በ30 ዲግሪ፣ የቀሩት ሁለቱ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይሆናሉ። ይህም ማለት ከጆሯችን ጥቂት ወደ ኋላ እንጂ፣ ብዙዎቻችን እንደምናደርገው የክፍሉ ማዕዘን ላይ አይደለም። እኔም ገርጂ ባለው ቤቴ ለዓመታት የሰቀልኳቸው ማዕዘኑ ላይ ነበር!

ሁሉ ነገር ግን ይስፋፋ አልልም። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመረው አምሐ ሪከርድስ ያሳተማቸው ሸክላዎች ለአምስት ማጉያ የተቀረጹ አይደሉም። እነሱን በኮምፒውተር ወደ ኋላ መበተን ያልነበረ ክፍል መፈልሰፍ ነው፤ እንዳሉ ይደመጡ።

ችግሩ ያለው አሁን በምንቀርጸው ላይ ነው። በአምስት መስመር የተቀረጸን ወደ ሁለት ማውረድ አይከብድም፤ በሁለት የተቀረጸን ወደ አምስት ማብዛት ግን ግምት ነው። ዜማውን የያዙት መምህራን በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ሲያልፉ ዳግመኛ ልንቀርጻቸው አንችልም። ስለዚህ ዘንድሮ ለመስክ ሥራ የምትወጡ ተማሪዎች፣ ከፊት ከምትተክሏቸው ማይክሮፎኖች በተጨማሪ ሁለት ማይክሮፎኖችን ጀርባቸውን ለሊቃውንቱ ሰጥታችሁ ወደ ባዶው አዳራሽ አዙሩልኝ፤ የቀረጹትንም ለየብቻው አስቀምጡ።