የሉል ጥቁረት ዳር ላይ አይደለም

ሉል ማዕዘን የለውም። ሳጥን ጥላ ባይገባበትም ከመስመሮቹ ብቻ ሳጥንነቱ ይታወቃል፤ ሉል ግን በመስመር ብቻ ሲነደፍ ክብ ሆኖ ይቀራል። ክቡ ሳንቲም ይሁን ሰሃን ወይም ኳስ መለየት አይቻልም። ኳስ የሚያደርገው ብርሃንና ጥላው የተቀመጡበት ቦታ ነው። ሥዕል የሚማር ሰው ከጠፍጣፋ ወደ ጎባጣ የሚሻገረው እዚህ ላይ ሲሆን፣ አብዛኛው ጀማሪ የሚሰናከለውም እዚሁ ላይ ነው።

ነቀምቴ ውስጥ አንድ ጀማሪ የሠራው የብርቱካን ሥዕል ለዚህ ማሳያ ይሆናል። ክቡ እንከን አልነበረውም። ሠዓሊው ዙሪያውን በሙሉ በሲክስ ቢ እርሳስ አጥቁሮ፣ ጥቁሩን በጣቱ ወደ መሀል እያሸ አሳስቶ፣ መሀሉን ነጭ ትቶታል። ያዩት ሁሉ አድንቀውለታል፤ ብርቱካኑ ግን አልጎበጠም። የሚያሳዝነው፣ እውነተኛው ብርቱካን ፊቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ከግራ በኩል የመስኮት ብርሃን እየበራበት ነበር። ግራ ጎኑ ወለል ብሎ በርቶ ሳለ በሥዕሉ ላይ ግራውም ቀኙም እኩል ጠቁሯል። እጁ የሠራው ዓይኑ ያየውን ሳይሆን ከሌላ የሰማውን ነው።

የሰማው «ዳሩን ካጠቆርክ ይጎብጣል» የሚለውን ነው። ይህ አባባል በጊምቢም፣ በሻምቡም፣ በደምቢ ዶሎም ከጀማሪ ወደ ጀማሪ ሲተላለፍ ይኖራል። ስንት ጊዜ ቢታረም ተመልሶ ይመጣል፤ ምክንያቱም ጀማሪው መጀመሪያ የሚያሰምረው ዳሩን ስለሆነ፣ ጥቁረትንም የዚያ መስመር ውፍረት አድርጎ ያስበዋል።

ጥቁረት የሚለካው ከዳር ሳይሆን ከብርሃኑ አቅጣጫ ነው። ዮሐን ሃይንሪሕ ላምበርት በ1760 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደተነተነው፣ አንድ ገጽ የሚቀበለው ብርሃን ለብርሃኑ ፊቱን በሰጠበት መጠን ይወሰናል። ፊት ለፊት የተጋፈጠ ገጽ ሙሉውን ይቀበላል፤ ከዚያ 60 ዲግሪ ያዘነበለ ግማሹን፣ 90 ዲግሪ የዞረ ደግሞ ምንም አይቀበልም። የሉል ገጽ በየነጥቡ ስለሚዞር ብርሃኑም ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄዶ አንድ መስመር ላይ ያልቃል። ይህ መስመር የብርሃንና የጥላ ድንበር ነው። ድንበሩ ከክቡ ዳር ጋር የሚገጥመው ብርሃኑ በተመልካቹ ዓይን አቅጣጫ ሲመጣ ወይም በተቃራኒው ከሉሉ ጀርባ ሲሆን ብቻ ነው። በቀረው ሁሉ ድንበሩ በክቡ ውስጥ ያልፋል።

«ዳሩን አጥቁር» የሚለው ምክር እውነት የሚመስልበት ሁኔታም ይኸው የመጀመሪያው ነው፤ በተግባር የስልክ ፍላሽ ማለት ነው። ብዙዎቹ ጀማሪዎች ከስልክ ፎቶ ላይ ሰው መሳል ስለሚያዘወትሩ ዓይናቸው በፍላሽ ብርሃን ሠልጥኗል። ሆኖም ያኔም ቢሆን ምክሩ አያዋጣም። ከመሀል ተነስቶ ወደ ዳር ግማሽ መንገድ ሲኬድ ገና 87 በመቶው ብርሃን አለ። ብርሃኑ ወደ ግማሽ የሚወርደው የመንገዱ 87 በመቶ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥቁሩ ዳር ላይ በቀጭኑ ተጨምቆ ይቀራል እንጂ በጣት እንደሚታሸው እስከ መሀል አይዘልቅም። በፍላሽ የተነሳ ፊት ጠፍጣፋ የሚመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ድንበሩን ለማጥናት ከጨረቃ የሚሻል መምህር የለም። ግማሽ ጨረቃ ላይ ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ ድንበሩ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ መሀሏን ይከፍላታል። ከግማሽ ስታልፍ ወይም ሳትደርስ ድንበሩ ይቀስታል፤ ቅርጹም ሁልጊዜ የሞላላ ክብ ግማሽ ነው። የጠረጴዛው ብርቱካንም ያንኑ ሕግ ይከተላል፤ መስኮቱ ከጎን ወደ ፊት ሲጠጋ ድንበሩ ወደ ጥላው ዳር እየጎበጠ ይሄዳል። ሙሉ ጨረቃ ደግሞ እንደ ፍላሽ ፎቶ ከፊት የበራች ናት፤ ገጿ ሸካራና አቧራማ ስለሆነ ዳሯ እንኳ አይጠቁርም፣ ሰሃን መስላ ትታያለች።

ከድንበሩ ወዲያ ያለው የጥላ ክፍል ወጥ ጥቁር አይደለም። ጠረጴዛው፣ ግድግዳው፣ ወለሉ የተቀበሉትን ብርሃን መልሰው ይልኩበታል። በዚህ የተነሳ በጣም ጥቁሩ ቦታ ከድንበሩ ቀጥሎ ያለው ጭረት ይሆናል፤ ከዚያ ወደ ዳር ሲኬድ እንደገና ትንሽ ይፈካል። ዳሩን የሚያጠቁር ሰው የሚያጠፋው ይህን ፍካት ነው፤ ሉሉን ከጀርባው የሚያላቅቀው ግን እርሱ ነበር። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የጨረቃ ጥላ ክፍል በስሱ የሚታየው ከምድር በሚመለስ ብርሃን መሆኑን በማስታወሻው ጽፏል። በወለጋ ቀይ አፈር ላይ የተቀመጠ ሉል የሚያገኘው መልስ ብርሃን ደብዛዛና ቀላ ያለ ነው፤ ነጭ ወረቀት ከተነጠፈለት ይጨምራል። ምንም ቢጨምር ግን በብርሃኑ ክፍል ካለው ጥላ ቀመስ ስፍራ መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ ሉሉ ሁለት መብራት የበራበት ይመስላል።

እዚህ ላይ ለብርቱካኑ ሠዓሊ ስህተት የቤተ ክርስቲያን ሥዕልን ያለ አግባብ መውቀስ አይገባም። በሁለተኛው የጎንደር ስልት ፊት በጥላ ሲጎብጥ ጥላው ከአንድ መስኮት የሚመጣ ብርሃን ተከታይ አይደለም፤ ስልቱ የራሱ ሥርዓት አለው። በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስፋፋው ከአካል ፊት ተቀምጦ የመንደፍ ልማድ ሌላ ሥርዓት ነው። የብርቱካኑ ሠዓሊ ስህተት ከሁለቱም አለመሆኑ ነው፤ ብርቱካን ፊቱ አስቀምጦ ብርቱካኑን አላየም።

በጣት ማሸት ይህን ስህተት ይሸፍናል። ጥቁረቱ ስለለሰለሰ ብቻ ትክክል ይመስላል፤ የቆዳ ወዝም ወረቀቱን ያበላሻል። ለጀማሪ የሚበጀው በእርሳስ ጭረት፣ ድንበሩን መጀመሪያ በስሱ አስምሮ፣ የጥላውን ክፍል በአንድ ደረጃ ሞልቶ፣ ከዚያ ወደ ብርሃኑ ቀስ እያሉ መሻገር ነው።

ሉሉ ወለል ላይ የሚጥለው ጥላ ደግሞ የሰዓት ጉዳይ ነው። ነቀምቴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 አካባቢ፣ አናት ላይ ትውላለች። በእነዚህ ቀናት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል የኳስ ጥላ ከሥሩ የተደበቀ ክብ ነው፤ ለመማሪያ አይሆንም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ወይም ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ በ45 ዲግሪ ስትቆም ጥላው ሞላላ ይሆናል፤ ርዝመቱ የኳሱን ወርድ 1.4 ጊዜ ያህል፣ ስፋቱ ግን ያው የኳሱ ወርድ ነው። በጣም የሚጠቁረው ኳሱ ወለሉን በሚነካበት ቦታ ነው፤ ከዚያ ሲርቅ ጠርዙ ይለሰልሳል።

የአውሮፓ መጻሕፍት የሰሜን መስኮትን ይመክራሉ፤ እዚያ ፀሐይ በዚያ መስኮት የምትገባው እምብዛም ነው። በነቀምቴ ግን ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምትሻገር፣ ሰማዩ ከጠራ፣ ጠዋትና ወደ ማታ በሰሜን መስኮት አዘቅዝቃ ትገባለች፤ በእነዚያ ወራት ረጋ ያለ ብርሃን የሚሰጠው የደቡቡ ነው። ክረምት ላይ ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ውጭ ያለ ኳስ ብርሃን ከላይ ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚያገኝ ድንበሩ ይጠፋል። ያኔ ኳሱን ወደ ቤት አስገብቶ ከአንድ መስኮት ጎን ማስቀመጥ፣ ሌላውን በር መዝጋት ይበቃል።

ለመጀመሪያው ልምምድ እግር ኳስ አይመረጥም፤ ጥቁርና ነጭ ቁራጮቹ ከጥላው ጋር ይምታታሉ። ከሸክላ ጭቃ ተድበልብሎ ደርቆ ኖራ የተቀባ ኳስ የተሻለ ነው፤ ገጹ ስለማያብለጨልጭ ዓይን ድንበሩን ብቻ ይከተላል። ብርቱካን የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጣጩ የሚያብለጨልጭበት ነጭ ነጥብ ብርሃኑ በብዛት ያረፈበት ቦታ አይደለም፤ በብርሃኑና በዓይን አቅጣጫ መካከል ይቀመጣል። ተመልካቹ ራሱን ሲያንቀሳቅስ ነጥቡ በልጣጩ ላይ ቦታ ይቀይራል፤ የጥላው ድንበር ግን በልጣጩ ላይ ካለበት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ነጥቡ መጨረሻ ላይ፣ ሠዓሊው አንድ ቦታ ላይ ረግቶ፣ በላጲስ ጫፍ ይወጣል።