«ድራኩላ» እና «ጠይብ»፦ ክብራቸውን ያጡ ሁለት ስሞች

ሰቆጣ፦ በልቦለድና በፊልም ደም መጣጭ ሆኖ የሚታወቀው ድራኩላ ስሙን የወረሰው ከክብር መጠሪያ ነው። በዛሬዋ ሮማንያ የምትገኘው የዋላኪያ ገዥ ለመሆን የበቃው ዳግማዊ ቭላድ፣ እ.አ.አ በ1431 «የዘንዶው ማኅበር» አባል ሆነ። ማኅበሩን በ1408 ያቋቋመው የሃንጋሪው ንጉሥ ሲጊስሙንድ ነበር። ቭላድም በአባልነቱ «ድራኩል» ተባለ፤ ዘንዶው ማለት ነው። ልጁ ሣልሳዊ ቭላድ ደግሞ «ድራኩላ» ተባለ፤ የድራኩል ልጅ እንደ ማለት ነው።

የቃሉ ሥር ላቲን ቢሆንም በሮማንያ ቋንቋ «ድራክ» ሰይጣን የሚል ፍቺ ያዘ። አየርላንዳዊው ደራሲ ብራም ስቶከርም በ1820 በታተመ መጽሐፍ ግርጌ፣ ስሙ ሰይጣን ማለት እንደሆነ አነበበ። ለገጸ ባሕርዩ አስቦት የነበረውን ሌላ ስም ትቶ በ1897 «ድራኩላ»ን አሳተመ።

የክብር ስም እንዲህ ወደ መፈሪያነት መለወጡ በሩቅ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑም ሰው ይበላል ተብሎ ይፈራል። ይህ እምነት ለዘመናት የተጫነው በብረት ቀጥቃጮችና በሸክላ ሠሪዎች ላይ ነው። «ጠይብ» የሚለው መጠሪያቸውም ስድብ ሆኖ ቀረ።

ቃሉ ግን የግእዙ «ጠቢብ» ነው፤ ዐዋቂ፣ ባለ ጥበብ ማለት ነው። ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 31 ባስልኤል ወርቅን፣ ብርንና ናስን እንዲሠራ ጥበብ ከእግዚአብሔር እንደ ተሰጠው ይናገራል። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ደግሞ የሰዎችን እኩልነት ደንግጓል።

ስድቡ የሚያስከትለው ጉዳት ከስሜት ያልፋል። ባለሙያው በጋብቻና በማኅበራዊ ኑሮ ይገለላል፤ ልጁም ሙያውን ለመውረስ ያፍራል። «ቡዳ በላው» የተባለ ሕመምተኛ ወደ ጤና ጣቢያ ሳይሄድ ሊዘገይና ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

የዋግ ኽምራ መሬት ድንጋያማ ነው፤ ማረሻ ቶሎ ይዶለዱማል። አርሶ አደሩ ያን ጊዜ ደጁን የሚጠናው፣ በወናፉ እሳት ብረት የሚያግለውንና የሚቀጠቅጠውን ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ በስሙ ትክክለኛ ፍቺ ጠቢብ ነው።