ግማሽ ሳንቲም ለአስፋልት

በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሰፈር መንገድ የሚጠገነው ከሱቅ ደረሰኝ ላይ በሚሰበሰብ ገንዘብ ነው። ጫማ የገዛ፣ ምግብ ቤት የበላ፣ ቴሌቪዥን የቀየረ ሁሉ ከዕቃው ዋጋ በላይ የሽያጭ ታክስ ይከፍላል። ከታክሱ ከፊሉ ለግዛቱ፣ ከፊሉ ለካውንቲው፣ ከፊሉ ለከተማው ይደርሳል። ከከተማው ድርሻ ውስጥ ደግሞ ለአንድ ሥራ ብቻ ተብሎ፣ ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ የተጣለ ቁራጭ የሚኖርበት ጊዜ አለ። የዚህ ቁራጭ ዘመን ሲያልቅ ማንም ሳይሽረው በራሱ ይቀራል። እንዲቀጥል ከተፈለገ ከንቲባውና ምክር ቤቱ ወደ መራጩ ሕዝብ ተመልሰው «ይራዘምልን» ማለት ይኖርባቸዋል።

በአሪዞና ደቡብ፣ ከሜክሲኮ ድንበር ብዙም ሳትርቅ የምትገኘው ቱሳን ይህን መንገድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሄዳበታለች። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ያላት ይህች የበረሃ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2017 ታክሱን ጠይቃ አገኘች፤ በ2022 ይራዘምልኝ ብላ አስፈቀደች፤ በ2025 ሌላ ልጨምር ስትል ግን ተከለከለች።

ነገሩ የሚጀምረው ከነዳጅ ነው። በአሜሪካ መንገድ ለረጅም ጊዜ የኖረው በነዳጅ ታክስ ነው፤ ብዙ የነዳ ብዙ ይከፍላል በሚል ስሌት። ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የመንገድ ፈንድን ስታቋቁም የፈንዱን ዋና ገቢ በነዳጅ ላይ ያደረገችው በዚሁ አስተሳሰብ ነው። የአሜሪካው ችግር ታክሱ ከዋጋ ንረት ጋር አብሮ አለማደጉ ነው። የፌዴራሉ ታክስ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በጋሎን 18.4 ሳንቲም፣ የአሪዞናው ከ1991 ጀምሮ 18 ሳንቲም ሆኖ ቀርቷል። በዚያ ዘመን በ18 ሳንቲም ይገዛ የነበረው ሬንጅና ጠጠር ዛሬ በዚያ ዋጋ አይታሰብም። መኪኖቹም በአንድ ጋሎን የሚሄዱት ርቀት ጨምሯል፤ የኤሌክትሪክ መኪና የሚነዳ ደግሞ ነዳጅ ማደያ ስለማይቆም ምንም አይከፍልም። በዚያ ላይ ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ የአሪዞና ሕግ አውጪዎች ለመንገድ ከተመደበው የነዳጅ ገቢ እየቀነሱ የግዛቱን ሌላ የበጀት ቀዳዳ ደፈኑበት። የከተሞቹ መንገድ ቀዳዳ ግን እንዳለ ቀረ።

አስፋልት ጠጠርና አሸዋን በሬንጅ አጣብቆ የተነጠፈ ሽፋን ነው። የቱሳን ፀሐይ ሬንጁን ዓመት ከዓመት ታደርቀዋለች፤ የደረቀ ሬንጅ መለጠጡን ትቶ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ መጀመሪያ ላይ ፀጉር ያህል ስለሆነ በመኪና የሚያልፍ ሰው አያየውም። በክረምቱ የሚወርደው ኃይለኛ ዝናብ ግን ያገኘዋል፤ ውኃው በስንጥቁ ሰርጎ ከሥር ያለውን የጠጠር መሠረት ያላላዋል። ከዚያ የቆሻሻ መኪናና የትምህርት ቤት አውቶቡስ በተመላለሱ ቁጥር የላላው ቦታ እየሰመጠ ይሄዳል፤ ላዩም መሐንዲሶች «የአዞ ቆዳ» ወደሚሉት የተከታተፈ መልክ ይለወጣል። ከቁርጥራጮቹ አንዱ ሲነቀል ጉድጓድ ተፈጠረ ማለት ነው።

በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ መድኃኒቱም ዋጋውም ይለያያል። ፀጉር የሚያክለውን ስንጥቅ በትኩስ ማሸጊያ መሙላት፣ ወይም መንገዱን በስሱ ሬንጅ መቀባት ርካሽ ነው። ትንሽ ከቆየ ላዩን በማሽን ፍቆ አዲስ ንጣፍ ማልበስ ይጠይቃል። መሠረቱ ከላላ በኋላ ግን ያለው አማራጭ ቆፍሮ አውጥቶ እንደ አዲስ መሥራት ብቻ ነው። በጊዜው ለጥገና የወጣ አንድ ዶላር ኋላ ከሚመጣ የስድስት ወይም የአሥር ዶላር ወጪ ያድናል የሚለው ስሌት ከመንገድ መሐንዲሶች አፍ አይጠፋም። ቁጥሩ እንደየቦታው ይለያይ እንጂ አቅጣጫውን የሚጠራጠር ባለሙያ የለም።

ከዚህ የሚወጣው ውሳኔ ለፖለቲከኛ አይመችም። በምህንድስናው ሒሳብ ገንዘቡ መጀመሪያ መዋል ያለበት ገና ደህና በሆነው መንገድ ላይ ነው፤ እሱን ማዳን ርካሽ ነው፤ የሞተው መንገድ አንዴ ሞቷልና ዘንድሮ ቢጠበቅ ዋጋው ብዙም አይጨምርም። በሩ ላይ ጉድጓድ ያለበት ነዋሪ ግን የጥገና ቡድኑ የእሱን ሰፈር አልፎ የተሻለውን መንገድ ሲቀባ ሲያይ ተበድያለሁ ይላል። ድምፅ የሚሰጠውም እሱ ነው። ስለዚህ መራጩ ፊት የሚቀርብ ዕቅድ ሁሉ ከንጹሕ ምህንድስና ትንሽ ዘንበል ማለቱ አይቀርም።

ከ2017ቱ ታክስ በፊት ቱሳን ብድር ሞክራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 መራጩ 100 ሚሊዮን ዶላር የመንገድ ቦንድ እንዲሸጥ በጠባብ ልዩነት ፈቀደ። ቦንድ ገንዘቡን ቶሎ ያስገኛል፤ ዕዳው ግን ከነወለዱ በቤትና በመሬት ግብር ይከፈላል። የሽያጭ ታክስ በተቃራኒው በገባ ቁጥር የሚወጣ ገንዘብ ነው፤ ወለድ የለበትም፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ ግን አብሮ ይቀዘቅዛል።

ወደ ሽያጭ ታክስ ለመሻገር ደግሞ የሕግ አጥር ነበር። የቱሳን ቻርተር፣ ማለትም የመተዳደሪያ ሕጓ፣ የከተማዋን የሽያጭ ታክስ በ2 በመቶ ገድቦት ነበር። ከዚያ ለማለፍ ቻርተሩ መሻሻል አለበት፤ ቻርተሩን የሚያሻሽለው መራጩ ብቻ ነው። በግንቦት 2017 ፕሮፖዚሽን 101 የተባለው ጥያቄ ቀረበ፦ ለ5 ዓመት ግማሽ ፐርሰንት ይጨመር፤ ከዚህ ከሚገኘው 250 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ 100 ሚሊዮኑ ለመንገድ፣ 150 ሚሊዮኑ ለፖሊስና ለእሳት አደጋ መኪናዎች፣ ጣቢያዎችና መሣሪያዎች ይዋል የሚል። አለፈ።

አምስቱ ዓመት ሊያልቅ ሲል፣ በግንቦት 2022፣ ፕሮፖዚሽን 411 መጣ። ያው ግማሽ ፐርሰንት ለ10 ዓመት እንዲራዘም የሚጠይቅ ሲሆን፣ በአሥር ዓመቱ ይገኛል ተብሎ የተገመተው 740 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚህኛው ዙር ገንዘቡ በሙሉ ወደ መንገድ ዞረ፦ 590 ሚሊዮኑ ለሰፈር ውስጥ መንገዶች ጥገና፣ 150 ሚሊዮኑ ለእግረኛ መንገድ፣ ለመብራት፣ ለማቋረጫና ለብስክሌት መስመር። የከተማዋ ቃል በአሥር ዓመት ውስጥ ሥራው የማይደርስበት የሰፈር መንገድ አይኖርም የሚል ነበር። ይህ ብልህ አቀራረብ ነው፤ እያንዳንዱ መራጭ የራሱን ደጃፍ በዕቅዱ ውስጥ ያያል። መራጩም በሰፊ ልዩነት አጸደቀው።

ግማሽ ፐርሰንቱ በደረሰኝ ላይ ምን እንደሚመስል ማየት ይጠቅማል። በቱሳን ጠቅላላው የሽያጭ ታክስ 8.7 በመቶ ነው፦ 5.6ቱ የግዛቱ፣ 0.5ቱ በካውንቲው ደረጃ ለትላልቅ መንገዶች፣ 2.6ቱ የከተማዋ። የ40 ዶላር ሸሚዝ የገዛ ሰው 3 ዶላር ከ48 ሳንቲም ታክስ ይከፍላል። ከዚህ ውስጥ 2 ዶላር ከ24 ሳንቲሙ የግዛቱ፣ 20 ሳንቲሙ የካውንቲው፣ 1 ዶላር ከ4 ሳንቲሙ የከተማዋ ነው። የመንገዱ ግማሽ ፐርሰንት ከከተማዋ ድርሻ ውስጥ 20 ሳንቲም ብቻ ነው። 30,000 ዶላር መኪና የገዛ ግን በዚያው ግማሽ ፐርሰንት 150 ዶላር ይከፍላል።

ሸክሙ በማን ላይ ያርፋል የሚለው ክርክር ዘወትር አብሮ ይነሳል። የሽያጭ ታክስ ሀብታምና ድሃ አይለይም፤ ያገኘውን ሁሉ ለኑሮ የሚያወጣ ሰው ከገቢው አንጻር ከፍ ያለ ድርሻ ይከፍላል። ቱሳን ለቤት ፍጆታ በሚገዛ አስቤዛ ላይ የከተማ ታክስ ስለማትጥል ሸክሙ በመጠኑ ይቀላል። በኦክላሆማ ሁኔታው ሌላ ነው፤ የግዛቱ መንግሥት በአስቤዛ ላይ የነበረውን 4.5 በመቶ በነሐሴ 2024 ቢያነሳም የከተሞቹ ድርሻ እንዳለ ነው። በሌላ በኩል የሽያጭ ታክስ ከእንግዳም ይሰበስባል። በየዓመቱ ጥር መጨረሻና የካቲት ላይ ቱሳን በዓለም ከታወቁት የከበሩ ድንጋዮች ገበያዎች አንዱን ታስተናግዳለች፤ ከወገል ጤና አካባቢ የሚወጣው የወሎ ኦፓልም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል። ነጋዴ ለነጋዴ በጅምላ የሚሻሻጠው ታክስ የለበትም፤ ለራሱ ቀለበት አንድ ድንጋይ የሚገዛው ቱሪስት ግን ነገ ተመልሶ ለማያየው ሰፈር አስፋልት አዋጥቶ ይሄዳል። ታክሱን የሚከፍለው ሁሉም ሆኖ ድምፅ የሚሰጠው ግን በከተማዋ የተመዘገበ የአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው፤ ዜግነት ያልወሰደ ስደተኛ እየከፈለ ድምፅ የለውም።

ምርጫው ራሱ በፖስታ ነው። ድምፅ መስጫ ወረቀቱ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ታትሞ ሳምንታት ቀደም ብሎ በየቤቱ ይደርሳል፤ መራጩ ሞልቶ ፖስታው ላይ ፈርሞ ይመልሳል፤ ፊርማው ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል። የአሪዞና ሕግ ከተማዋ በሕዝብ ገንዘብ «እሺ በሉ» ብላ እንዳትቀሰቅስ ይከለክላል። ማስረዳት ትችላለች፤ መለመን አትችልም። ቅስቀሳው በመዋጮ የሚንቀሳቀሱ ኮሚቴዎች ሥራ ነው።

እነዚያ ኮሚቴዎች በየከተማው የሚያነሱት አንድ መከራከሪያ አለ፦ «ይህ ታክስ አይጨምርባችሁም»። በደረሰኙ ላይ ካዩት እውነት ነው፤ ትናንት የተከፈለው ነገም ይከፈላል። በሕጉ ካዩት ግን ግማሽ እውነት ነው፤ መራጩ እንቢ ቢል ታክሱ ይወርድ ነበርና። መራጩ ግን ይህን ሒሳብ ሳያውቅ ቀርቶ አይመስልም። ለምዶት በኖረው ታክስ ላይ የሚጠይቀው ቢቀርልኝ ምን አተርፋለሁ ሳይሆን ባለፈው ሰጥቼ ምን አገኘሁ የሚለውን ነው፤ መልሱ ደግሞ ደጃፉ ላይ ተነጥፎ ይታያል ወይም አይታይም። ለዚህ ነው ገንዘቡ ከሌላ ሥራ ጋር እንዳይቀላቀል የሚቆጣጠር የነዋሪዎች ኮሚሽን ማቋቋም የዕቅዱ አካል የሚሆነው።

ሌሎች ከተሞች በሌላ ሕግ እዚያው ይደርሳሉ። ኦክላሆማ ሲቲ በመስከረም 2017 ዘመኑ ሊያልቅ የነበረን፣ ከአንድ ዶላር አንድ ሳንቲም የሚወስድ ታክስ ለ27 ወራት ብቻ አራዝማ ወደ መንገድ ጥገና አዞረችው። በቴክሳስ የግዛቱ ሕግ ለመንገድ ጥገና የተለየ የሽያጭ ታክስ ይፈቅዳል፤ የተለመደው ዕድሜው 4 ዓመት ነው፤ አርሊንግተን ከ2002 ጀምሮ ይህን ታክስ ደጋግማ አሳድሳለች። የካሊፎርኒያ ሕግ የጠበቀ ነው፦ ምክር ቤት ለአንድ ዓላማ የተለየ ታክስ ካቀረበ የመራጩን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይፈልጋል፤ ለጠቅላላ በጀት ከሆነ ግን ከግማሽ በላይ ይበቃል። ስለዚህ አንዳንድ ከተሞች በወረቀት ላይ ጠቅላላ፣ በቃል ግን ለመንገድ የሚሉትን ታክስ ያቀርባሉ። ይህ ለማለፍ ይቀላል፤ ገንዘቡን በመንገድ ላይ የሚያስር ሕግ ግን አይኖረውም።

በመጋቢት 2025 ቱሳን ሌላ ግማሽ ፐርሰንት ጠየቀች። ፕሮፖዚሽን 414 ለ10 ዓመት 800 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያስገኛል የተባለ ሲሆን፣ ለፖሊስና ለእሳት አደጋ፣ ለመኖሪያ ቤትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች የሚከፋፈል ነበር። ጠቅላላውን ታክስ ወደ 9.2 በመቶ ያደርሰው ነበር። አንዱ ለፖሊስ በዛ አለ፤ ሌላው ታክሱ በዛ አለ፤ ጥያቄው በሰፊ ልዩነት ወደቀ። ከሦስት ዓመት በፊት የመንገዱን ታክስ ያራዘሙት የዚያችው ከተማ መራጮች ናቸው። ልዩነቱ የመጠን አይደለም፤ ሁለቱም ግማሽ ፐርሰንት ናቸው። አንደኛው የለመዱትን ታክስ በሚታይ ሥራ ላይ ማስቀጠል ሲሆን፣ ሁለተኛው አዲስ ታክስ በብዙ ሥራ ላይ በትኖ የመጣ ነበር።

የመንገዱ ግማሽ ፐርሰንት የሚያበቃው በ2032 አጋማሽ ነው። ያኔ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተነጠፉት የሰፈር መንገዶች ሰባት ስምንት ዓመት ፀሐይ መትቷቸው ስንጥቃቸው የሚሞላበት ጊዜ ይደርሳል፤ በመጨረሻ የተሠሩት ደግሞ ገና አዲስ ይሆናሉ። ምክር ቤቱም የሚቀጥለውን ጥያቄ ከዚያ በፊት ለመራጩ ማቅረብ ይኖርበታል።