ቆቃ፦ የአዋሽ የመጀመሪያው ትልቅ ግድብ እና ጠባቂዎቹ

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ አርሂባ የሚባለው ሰፈር በወደብ ጭነት ሥራ የኖሩ አፋሮች ሰፈር ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተር የቆመበት ቤት ሕፃንና አዛውንት አያስቀምጥም። ጅቡቲ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም፤ ለብዙ ዘመን መብራቷን ያገኘችው ነዳጅ ከሚያቃጥሉ ጄኔሬተሮች ነበር። ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ ግን ከድሬዳዋ ተነስቶ 283 ኪሎ ሜትር በተዘረጋ የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ከኢትዮጵያ ይመጣላታል። ይህ ኃይል በአብዛኛው የውኃ ኃይል ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀናትና ዓመታትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የአርሂባን ሰው ከኢትዮጵያ ግድቦች ጋር የሚያገናኘው ግን ሽቦ ብቻ አይደለም። አዋሽ ከሸዋ ደጋ ተነስቶ፣ የአፋርን ምድር አቋርጦ፣ ባሕር ሳይደርስ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ያልቃል። አሳይታና ዱብቲ ላይ የአዋሽን ዳርቻ ይዘው የሚኖሩት አፋሮች ከአርሂባ ነዋሪዎች ጋር አንድ ሕዝብ ናቸው። ስለዚህ አዋሽ ላይ የቆመ ግድብ ደህንነት የሁለቱም ጉዳይ ነው። ከአዋሽ ግድቦች ደግሞ አንጋፋው ቆቃ ነው።

ቆቃ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከሞጆ ወዲያ ይገኛል። አሠራሩ ታሪክ አለው። ጣሊያን በ1947 በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሣ እንድትከፍል ተወስኖባት ነበር፤ ክፍያው ዘግይቶ በ1956 ስምምነት ላይ ሲደረስ ገንዘቡ ከዋለባቸው ሥራዎች ዋነኛው ይህ ግድብ ሆነ። በ1960 ተመረቀ። ሦስት ተርባይኖቹ በድምሩ 43.2 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። በ2025 ከተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ጋር ሲተያይ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ በዘመኑ ግን የአዲስ አበባን ፋብሪካዎች ያንቀሳቀሰ ኃይል ነው። ከዚያም በላይ ክረምት የሚወርደውን ውኃ ይዞ በበጋ ስለሚለቅ፣ ከሥሩ ያሉት አዋሽ 2 (1966) እና አዋሽ 3 (1971) ያንኑ ውኃ ደግመው እየተጠቀሙ ያመነጫሉ፤ የወንጂ ሸንኮራም የሚጠጣው ከዚሁ ነው። የቆቃ ዋጋ በሜጋ ዋት ብቻ ቢለካ እጅግ ይጎድላል።

ቆቃ ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ በገዛ ክብደቱ የሚቆም የኮንክሪት ግድብ ነው። ውኃው ወደፊት ይገፋዋል፤ እሱ በሸክሙ ይመክታል። 40 ሜትር ጥልቀት ላይ ውኃ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የ40 ቶን ግፊት ያሳርፋል። ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሁለተኛ ግፊት አለ። ውኃ በመሠረቱ አለት ስንጥቅ ሰርጎ ግድቡን ከሥር ወደ ላይ ያነሳዋል። ከሥር የተነሳ ግድብ ክብደቱ የቀነሰ ያህል ነው፤ በክብደቱ ለሚቆም ነገር ደግሞ ይህ ዋነኛ ጠላቱ ነው። እንዲህ ዓይነት ግድቦች ከሥራቸው ውኃ የሚያወጡ ጉድጓዶችና ቦዮች የሚበጁላቸው ለዚህ ነው። እነዚያ ጉድጓዶች በካልሲየምና በደቃቅ አፈር ከተደፈኑ፣ ላዩ ምንም ሳይሆን ታችኛው ግፊት እያደገ ይሄዳል።

ዓለም ይህን የተማረው በከባድ ዋጋ ነው። ቆቃ ከመመረቁ ጥቂት ወራት በፊት፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1959 ሌሊት፣ በደቡብ ፈረንሳይ ፍሬጁስ ከተማ በላይ የነበረው ማልፓሴ ግድብ ፈረሰና ከ400 በላይ ሰዎችን ገደለ። ማልፓሴ እንደ ቆቃ በክብደቱ የሚቆም ሳይሆን ስስ የቅስት ግድብ ነበር፤ ኮንክሪቱም እንከን አልነበረውም። የከዳው በግራ በኩል የተደገፈበት አለት ነው፤ ውስጡ የገባው ውኃ ፈንቅሎ አነሳው። ከዚያ ወዲህ በግድብ መሠረት ውስጥ ያለውን የውኃ ግፊት መለካት የሙያው ግዴታ ሆነ።

ታዲያ ጠባቂዎቹ ምን ያያሉ? ከሁሉ ቀላሉና እኔ በጣም የማደንቀው መሣሪያ ሥርገት መለኪያ ነው። ከግድቡ ሥር ሰርጎ የሚወጣው ውኃ በትንሽ ቦይ ይሰበሰብና መሐሉ በ“ቪ” ቅርጽ በተቆረጠ የብረት ሉህ ላይ እንዲያልፍ ይደረጋል። ጠባቂው ከሉሁ ኋላ የቆመውን ማስመሪያ አይቶ ውኃው ከቁርጡ ጫፍ ስንት ሚሊ ሜትር ከፍ እንዳለ ይጽፋል። ቅርጹ የተመረጠው በምክንያት ነው። ባለ 90 ዲግሪ ቁርጥ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር የቆመ ውኃ በሰከንድ 0.8 ሊትር ገደማ ሲሆን፣ 10 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ግን ወደ 4.4 ሊትር ይሆናል። ከፍታው እጥፍ ሲሆን ፍሰቱ ከአምስት እጥፍ በላይ ያድጋል፤ ትንሹ ንባብ ትልቁን ለውጥ ይናገራል ማለት ነው። ከቁጥሩ ጋር የውኃው መልክም ይመዘገባል። የጠራ ሥርገት በየትኛውም ግድብ ያለ ነው፤ ድንገት የደፈረሰ እንደሆነ ግን ውኃው ከመሠረቱ አፈር እየሸረሸረ ይዞ እየወጣ ነውና መሐንዲስ በዚያው ሰዓት መጠራት አለበት።

ከዚህ ሌላ የውኃ ግፊት የሚያነቡ ቧንቧዎች፣ ግድቡ ምን ያህል እንዳዘነበለ የሚያሳዩ ረጃጅም ቱንቢዎች፣ የስንጥቅን ስፋት የሚለኩ መሣሪያዎችና የቅየሳ ምልክቶች አሉ። ግድብ የሐይቁ ውኃ ሲሞላና ሲጎድል፣ ሙቀት ሲጨምርና ሲቀንስ በሚሊ ሜትር መንቀሳቀሱ ጤናው ነው። የሚያስፈራው ውኃው ጎድሎም ወደ ቦታው አለመመለሱ ነው። ይህን ለማወቅ የዓመታት መዝገብ ያስፈልጋል። መሣሪያ ተገዝቶ በአንድ ወር ይተከላል፤ ያመለጠ የአሥር ዓመት ንባብ ግን በምንም ገንዘብ አይገዛም። በ2023 መስከረም ሊቢያ ደርና ላይ ሁለት ግድቦች በአንድ ሌሊት ፈርሰው ሺዎችን ሲያጠፉ፣ ስንጥቃቸው ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይታወቅ ነበር። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ መታወቁ ብቻውን ማንንም አላዳነም።

ለእኛ ጉዳዩ ከዚህም ይቀርባል። አዋሽ የሚፈስበት ስምጥ ሸለቆ ምድሩ ዛሬም እየተከፈተ ነው። ከ2024 መስከረም ማብቂያ ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬት ለወራት ተንቀጠቀጠ፤ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ሳይቀር ተሰማው። በ2025 ጥር መጀመሪያ ከ5.5 መጠን በላይ የሆነ ርዕደ መሬት ደርሶ በአፋርና በኦሮሚያ ብዙ አሥር ሺህ ሰዎች ከቤታቸው ወጡ። የሰው ሁሉ ጥያቄ በአዋሽ ገባር ላይ ስለቆመው ስለ ከሰም ግድብ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ መሐንዲስ የመጀመሪያ ሥራው በየመሣሪያው ዞሮ አንብቦ ከመንቀጥቀጡ በፊት ከነበረው ጋር ማስተያየት ነው። የበፊቱ ንባብ ከሌለ ስንጥቁ ትናንት ይምጣ የዛሬ ሃያ ዓመት የሚለይበት መንገድ የለም።

የቆቃ የዕለት ተዕለት ፈተና ግን ደለል ነው። ሲሠራ ወደ 1.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዝ የነበረው ሐይቅ ሲሶ የሚሆነውን ቦታ ከደጋው እርሻ ተሸርሽሮ በመጣ አፈር አጥቷል። ደለል ሲነሳ ሰው የሚያስበው የጎደለ መብራትን ነው፤ የደህንነት ጉዳይ መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም። የተከማቸ አፈር ግድቡን ከውኃው ጋር ሆኖ ይገፋል፤ የታችኛውን መልቀቂያ በር ይደፍናል፤ ከሁሉ በላይ ድንገተኛ ሙላት የሚያርፍበትን ቦታ ይወስዳል። ድሮ ሐይቁ ውጦ ያስቀረው የነበረ ሙላት ዛሬ በበሮቹ በኩል መለቀቅ አለበት።

የሚለቀቀው ውኃ ደግሞ የሚሄደው ወደ አፋር ነው። በ2020 ክረምት ከቆቃ የተለቀቀው ውኃ ከገባሮቹ ሙላት ጋር ተደምሮ አዋሽ ከዳርቻው ሲወጣ፣ በታችኛው ተፋሰስ ብዙ አሥር ሺህ ሰው ተፈናቀለ፣ ከብትና ሰብልም ሄደ። በሩን የከፈተውን ባለሙያ መውቀስ ይቀላል፤ እሱ ግን ባይከፍት ኖሮ ውኃው በግድቡ አናት የሚያልፍበት አደጋ ይመጣ ነበር። ጥያቄው ቀደም ብሎ የሚጀምር ነው፤ ሐይቁ ሐምሌ ሲገባ ምን ያህል ባዶ ቦታ ይዞ ነበር? ለመብራት ሲባል ሙሉ ሐይቅ ይፈለጋል፤ ለጎርፍ ሲባል ደግሞ የጎደለ። በእኔ እምነት ደለሉ እየበዛ በሄደ ቁጥር ሚዛኑ ወደ ጎደለው መዘንበል አለበት፣ ጥቂት ሜጋ ዋት ቢያስከፍልም። የመልቀቂያው ማስጠንቀቂያም በአማርኛና በኦሮምኛ ብቻ ሳይሆን በአፋርኛ፣ በሬዲዮና በጎሳ መሪዎች በኩል፣ እረኛው ግመሉን ከአዋሽ ዳር ለማውጣት በሚበቃው ቀን አስቀድሞ ሊደርስ ይገባል፤ ከቆቃ የተነሳ ውኃ አሳይታ እስኪደርስ ቀናት ይፈጅበታልና ጊዜው አለ።