ሙሴ ጫማውን ለምን አወለቀ?

ቦሬ ላይ ዝናቡ ከያዘ የክፍላችን በር የቦት ጫማ ሰልፍ ነው። ብሉይ ኪዳን የማስተምራቸው ወንጌላውያን አብዛኞቹ ከጉጂ ቀበሌዎች ጭቃውን እየረገጡ የሚመጡ ናቸው። ዘጸአት ምዕራፍ 3 ላይ ደርሰን «ሙሴ ጫማውን ለምን አወለቀ?» ብዬ ብጠይቅ፣ አንዱ ሳያመነታ «ጭቃ እንዳያስገባ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኮሬብ ላይ ምን ጭቃ አለ? መግቢያ በርስ የት አለና? በግ የሚጠበቅበት ምድረ በዳ ነው።

ልጁ ላይ ግን አልፈርድም። በ1899 እ.ኤ.አ. ከታተመው ከአናሲሞስ ነሲብና ከአስቴር ጋኖ ሥራ ጀምሮ ኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ቅዱስ»ን «ቁልቁሉ» ይለዋል፤ ንጹሕ ማለት ነው። ንጹሕ ካልከው ጭቃ ይታሰባል። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎችም አንሻልም። ቃላችን ከዕብራይስጡ «ቃዶሽ» ጋር አንድ ሥር ይዞ ሳለ፣ «ቅዱስ» ሲባል ፊታችን ድቅን የሚለው ኃጢአት የሌለበት ሰው ነው። ዕብራይስጡ አስቀድሞ የሚናገረው ስለ መለየት ነው፤ ለእግዚአብሔር ስለተለየ ነገር። ቀንም፣ ዕቃም፣ ቦታም ይቀደሳል። ሰንበት ጽድቅም ኃጢአትም አትሠራም፤ ቅድስት ግን ናት።

ይህን ሳብራራ ከኋላ የተቀመጡ አንድ ጎልማሳ «ታዲያ ዎዩ ነዋ!» አሉ።

ጉጂዎች የባህላዊ እምነታቸውን መሪ፣ ቃሉውን፣ ዎዩ ይሉታል፤ አባ ገዳው ዎዩ ነው፤ አማትም ለአማቿ ዎዩ ናት። አማች በአማቱ ፊት እንዳሻው አይሆንም፤ ይርቃል፣ ይጠነቀቃል። የሚርቃት ቆሽሻ አይደለም፣ ከብራ ነው። ዖዛ፣ ታቦቱ እንዳይወድቅ ብሎ እጁን የዘረጋው ሰው፣ ለምን ተቀሠፈ የሚለውን ለማስረዳት ስንት ዓመት ደክሜያለሁ! ያን ቀን ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ዎዩ የሚለው ቃል የአሮጌው እምነት ነው ብለው የሚሸሹት አገልጋዮች አሉ፤ ይገባኛል፣ እኔም ስብከት ላይ አልደፍረውም። ክፍል ውስጥ ግን ከእሱ የተሻለ መምህር አላገኘሁም።

ዎዩም ቢሆን እስከ ዘሌዋውያን 19 ብቻ ነው የሚያደርሰን። ቅዱሳን ሁኑ የሚለው ትእዛዝ እዚያ እንደ ተሰጠ ቶሎ ብሎ እርሻና ገበያ ይገባል፦ የእርሻህን ዳር ለድሃና ለመጻተኛ ተው፣ የቀን ሠራተኛውን ደመወዝ አታሳድር፣ ሚዛንህ አያጭበርብር። ለቦሬ ገበሬ የእርሻ ዳር ስንት ነዶ ገብስ እንደሚወጣው አይነገረውም። ተማሪዎቼም ታቦቱ ላይ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው እዚህ ሲደርሱ ነው መከራከር የጀመሩት።

እኔስ? ያን ሰሞን አንድ ጎረምሳ በጓሮዬ የጎርፍ ቦይ ሲቆፍር ዋለና ማታ «ዝርዝር የለኝም፣ ነገ ና» ብዬ ሸኘሁት። እራት በልቼ ለማግስቱ ትምህርት ስዘጋጅ የደመወዙ ትእዛዝ ያለበት ቁጥር 13 ላይ ደረስኩ። ደብተሩን ዘጋሁት፤ ከፈትኩት፤ መልሼ ዘጋሁት። ከሱቅ ብር አስዘርዝሬ፣ ባትሪ ይዤ፣ ቤቱን እየጠየቅሁ ሄድኩ። ልጁ ከነጭቃው ምድጃ ዳር ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ነገ ብለውኝ አልነበር?» አለኝ።

ዘንድሮ ዘሌዋውያንን የጀመርኩት ከምዕራፍ 1 መሥዋዕት ሳይሆን ከምዕራፍ 19 ነው።